ጉልቻ ቢለዋወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ስለ ሹም ሽር የተነገረ መሆኑን አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ባለ አንድ የደጋ መንደር፣ ግድግዳው በጥቀርሻ በጠቆረ ማድ ቤት ደፍ ላይ ተቀምጬ፣ አንዲት ዕድሜ የጠገቡ እናት በሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደ ምጣዳቸውን በኩበትና በጭራሮ እያጋሉ፣ በአንድ እጃቸው ዓይናቸውን ከጭሱ እየከለሉ በሁለተኛው ሊጡን ሲያዞሩ ባየሁ ጊዜ፣ ይህን የቆየ ተረት ከሹመኞቹ ወስጄ ወደ ጥንተ ቤቱ ወደ ምድጃው ልመልሰውና እንደ ቃሉ ልመረምረው ወደድሁ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጡን አያጣፍጥም እንበል፤ ተራራውንና እርሻውንስ?

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚያቆለቁሉ ተራሮች መካከል የተቀመጠች፣ በቀደመው ዘመን የዋግሹሞች መናገሻና ከአፋር በረሃ በግመልና በአህያ ጀርባ ይመጣ የነበረው የአሞሌ ጨው ዐቢይ ገበያ ነበረች። ሕዝቧ ኽምጣናንና አማርኛን አስማምቶ ይናገራል፤ ፍየሉና ነጭ ማሩም በብዙ አገር የተመሰገነ ነው። ከዚህ ምስጋና ጋር ግን ሌላ ስም ይከተላታል፤ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ዋግ ነበር፤ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባውም ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህችው ከተማ ስም ተሰይሟል። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ለምለም አገር ይመርጣል፤ እኔ ግን ዛፉ የሚቆጠርበትን፣ ውሃው የሚለካበትን፣ አፈሩ በድንጋይ ካብ ታግዶ የሚያዝበትን ይህን አገር መረጥሁ፤ ቁጠባን ከጠገበ ሰው መማር አስቸጋሪ ነውና።

ዛሬ «አረንጓዴ ኑሮ» የሚባለው ነገር ለብዙ ሰው ከባሕር ማዶ በመጽሔትና በቴሌቪዥን የመጣ፣ ኪሱ የሞላና ጊዜ የተረፈው ሰው የሚያጌጥበት አዲስ ልብስ ይመስለዋል። አበው ሊቃውንት ግን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ ይሉናል፤ እነዚህም ባሕርያት በመጠን ተስማምተው ሲኖሩ ጤና ይሆናል፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲሠለጥን ደዌ ይመጣል። ስለ ሰው ሥጋ የተነገረው ይህ ትምህርት ለአገርም ሥጋ የሚሠራ መሆኑን የዋግን ኮረብቶች በበጋ የተመለከተ ሰው አይስተውም፤ በዚያ እሳት በመሬት ላይ ሠልጥኖበታልና። መጀመሪያ ዛፉ ነደደ፤ ዛፉ ሲያልቅ ፍጉ ነደደ፤ ፍጉ ሲነድ ማሳው ሳሳ፤ የሳሳውን ማሳ ደግሞ የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወደ ተከዜ ሰደደው።

አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው አንድ ፍርድ አለ። ዓለምን ያሞቀው ጭስ ከዋግ ማድ ቤት የወጣ አይደለም። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከመሳሰለው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ የአንድ ኢትዮጵያዊ የዓመት ድርሻ የቶን ሩብ እንኳ አይሞላም፤ የአንድ አሜሪካዊ ግን ወደ 15 ቶን ይጠጋል። ስለዚህ ለዋግ ገበሬ «ዓለምን አድን» ብሎ መስበክ ያልተበደረውን ዕዳ ክፈል እንደ ማለት ነው። ምድጃውን ቢለውጥና ፍጉን ለማሳው ቢመልስ በቅድሚያ የሚያድነው የራሱን እህል፣ የሚስቱን ሳምባና የልጁን የትምህርት ሰዓት ነው፤ ለዓለም የሚተርፍ ነገር ቢኖር ያ ምርቃት ነው።

እንግዲህ ወደ ምድጃው እንመለስ። የአገራችን ቤተሰብ ለምግብ ከሚያነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። ምጣዱ ሰፊ ስለ ሆነ ሰፊ እሳት ይጠይቃል፤ ሦስቱ ጉልቻ ደግሞ በመካከላቸው ሦስት ክፍት በር ትተው ስለሚቆሙ፣ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነበልባሉን አብሮ ይዞት ይሄዳል፤ ሙቀቱም ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጣራውና ወደ ጋጋሪዋ ፊት ይበተናል። የነገሩ ሊቃውንት እንደሚገምቱት በዚህ ዓይነቱ ምድጃ ከሚነደው እንጨት ኃይል ለምጣዱ ሥራ የሚውለው አንድ ዐሥረኛ ያህሉ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ከገደል አፋፍ ለቅማ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ ዳገት ወጥታ ካመጣችው ዐሥር ጭብጥ እንጨት ዘጠኙን ለነፋስ ሰጠችው ማለት ነው።

ይህን ብክነት ለማስቀረት የአገራችን የኃይል ጥናት ባለሙያዎች ከሠላሳ ዓመት በፊት የነደፉት «ምርጥ ምድጃ» የተባለው ሥራ አለ። ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተለውሶ፣ በክፍል በክፍል ተቀርፆ የሚገጣጠም ሲሆን፣ ምጣዱን ዙሪያውን እንደ ቅጥር ይከብበዋል፤ ለማገዶው አንዲት አፍ ብቻ ትቶለት፣ ከምጣዱ ሥር አልፎ በኋላ በኩል የሚወጣውን ትኩስ አየር ደግሞ ድስት ወይም ጀበና እንዲያሞቅበት ያደርገዋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ የማገዶውን ወጪ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በከተማ ለከሰል የሚያገለግለው፣ ሆዱ ሸክላ የሆነው «ላቀች» ደግሞ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። ሌላም ትርፍ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ይገምታል፤ ጭሱን አብዝተው የሚተነፍሱትም ከእሳት አጠገብ የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉት ሕፃናት ናቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዲት ዘመዴ እንዲህ ያለውን ምድጃ ገዝቼ በመኪና አስጭኜ ላክሁ፤ በልቤም ታላቅ የጽድቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ምድጃው ከአፉ በኩል ተሰነጠቀ። ሲሚንቶ ከተቀረፀ በኋላ ለብዙ ቀን ውሃ እየጠጣ ካልሰነበተ እንደማይጠነክር፣ የሸጠልኝም ሠራተኛ ገበያ እንዳያመልጠው ብሎ ገና ሳይረጥብና ሳይበስል እንዳስጫነልኝ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ይባስ ብሎ የዘመዴ ምጣድ ከምድጃው አፍ ይሰፋ ኖሮ በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ተቀምጦ ነበር። ለበዓል ስሄድ ጉልቻዎቹ ወደ ጥንት ቦታቸው ተመልሰዋል፤ በስጦታዬ ውስጥ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋበታለች። ዘመዴ ከትሕትናዋ የተነሣ ምንም አላለችኝም፤ ዶሮዋ ግን ቆቅ ብላ ተመለከተችኝ።

ምድጃ ለመለወጥ አቅም ያጣ ሰውም ቢሆን ያለ ሳንቲም የሚያደርገው ነገር አያጣም። እርጥብ እንጨት ሲነድ የኃይሉ ክፍል የራሱን ውሃ ለማፍላት ስለሚጠፋ እንጨቱን ከክረምት በፊት ሰብስቦ ከዝናብ ከልሎ ማድረቅ፤ ወፍራሙን ግንድ እንዳለ ከመማገድ በቀጭኑ መፍለጥ፤ ባቄላና ሽምብራውን በዋዜማው ዘፍዝፎ ማሳደር፤ ድስት ሲጣድ መክደን፤ እንጀራውን በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ምጣዱ አንድ ጊዜ ከጋለ ለሦስት ቀን የሚሆነውን ጋግሮ መነሣት፤ እነዚህ ሁሉ አያቶቻችን ያውቋቸው የነበሩ፣ በኤሌክትሪክና በጋዝ የምንጠቀም የከተማ ሰዎችም ብንመለስባቸው የወር ሂሳባችንን የሚቀንሱልን ምግባራት ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ማድ ቤት ልመለስ፤ እኒያን እናት፣ እማማን፣ ስለ ኩበቱ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ይህ ፍግ ለማሳው ቢሆን አይሻልም ነበር?» ብላቸው፣ እንጀራውን በሰፌድ አውጥተው አክንባሎውን ከደኑና፣ «ልጄ፣ እሱንማ ማን ያጣዋል፤ ዛፉ የታለና?» አሉኝ። ከዚህ የሚበልጥ መልስ ከሊቅም አይገኝም። ኩበት የሚነደው ጥቅሙ ስላልታወቀ አይደለም፤ እንጨት ስለ ጠፋ ነው። ኩበት ሲነድ ለሰብል ዋና ምግብ የሆነው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አፈሩን እንደ ስፖንጅ ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽም ይጠፋል፤ የሚተርፈው አመድ ነው። በዚህ ላይ ጎርፉ ይጨመራል። ስዊሱ ሊቅ ሃንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ደጋ የአፈርን መሸርሸር ለብዙ ዓመታት ለክቶ፣ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን ያህል አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚጠረግ ገምቷል፤ ይህም በዓይን ሲታይ የሦስትና የአራት ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ማለት ከአንድ እንጀራ ውፍረት ብዙ የማይርቅ ነው። በየክረምቱ ከአገሪቱ ገበታ ላይ አንድ እንጀራ ይነሣል ብንል ያጋነንን አይመስለኝም።

ስለዚህ የማገዶው ቁጠባና የማሳው ልምላሜ አንድ ነገር ናቸው። ማገዶው በግማሽ ከቀነሰ ኩበቱ ይተርፋል፤ የተረፈው ኩበት ብስባሽ ይሆናል። አሠራሩም ለገበሬ እንግዳ አይደለም፤ በጓሮ ጥላ ሥር ጉድጓድ ይቆፈርና ከሥሩ አየር እንዲያስገባ የማሽላ አገዳ ይነጠፋል፤ በላዩ አረንጓዴ ቅጠልና አረም፣ ከዚያ ፍግ፣ ከዚያ ጥቂት አመድና አፈር እየተደራረበ ይሞላል፤ ውሃ ይርከፈከፍበታል፤ በመካከሉም ረጅም በትር ይተከላል። በሳምንቱ በትሩን መዝዞ በእጅ ሲዳስሱት ትኩስ ከሆነ ሥራው ይዟል፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃ ይጨመርለታል። በየወሩ እያገላበጡ ሦስት አራት ወር ከቆዩት፣ ያ ሁሉ የጓሮ ጥራጊ ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚል፣ ዝናብ እንደ ነካው መሬት የሚሸት አፈር ሆኖ ይወጣል። ይህን ነገር በእኛ አገር በሥራ ያስመሰከሩት በተከዜ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በ1996 እ.ኤ.አ. በትግራይ መንደሮች ከገበሬዎች ጋር የብስባሽን ሥራ አስጀምረው ምርቱን ከዓመት ዓመት ሲመዝኑ፣ በብስባሽ የተዘራው ማሳ በፋብሪካ ማዳበሪያ ከተዘራው የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ እህል ሰጠ። በከተማ ያለ ሰውም የሽንኩርት ልጣጩንና የቡና አተላውን በፌስታል አስሮ ለቆሻሻ መኪና ከሚሰጥ በአንድ አሮጌ በርሜል ቢያጠራቅመው ለጎመኑ የሚሆን አፈር ያገኛል።

ከማሳው በላይ ተራራው አለ። በዋግ በየዓመቱ በበጋ ወራት ገበሬው ወጥቶ እርከን ይሠራል፤ ከወንዝ እስከ ጫፍ የተደረደረው የድንጋይ ካብ ከሩቅ ሲታይ እንደ ዳዊት መስመር ይነበባል። ከእርከኑ ቀጥሎ ኮረብታው «ከንክኪ ነፃ» ይደረጋል፤ ሰውና ከብት እንዳይገቡበት ይከለላል ማለት ነው። እኔ የማደንቀው ከሁሉ ይልቅ ይህን ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 በአንዲት ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል፤ መትከሉ መልካም ነው፣ ነገር ግን እንደ ዋግ ባለ ዝናቡ አጭር በሆነ አገር የተተከለውን ሁሉ ከፍየል ካልጠበቁት በበጋ የሚገኘው ጉድጓዱ ብቻ ነው። ክልከላ ግን ችግኝም አይሻም፤ መሬቱ ካልተነካ በአፈር ውስጥ ተኝቶ የኖረው ዘርና ሥር ራሱ ያቆጠቁጣል፤ በሁለተኛው ክረምት ሣሩ ይነሣል፣ ቁጥቋጦውም ይከተላል። ፍየሏስ ምን ትብላ? ለሚለው ጥያቄ ሣሩን አጭዶ በበረት መመገብ መልስ ይሆናል፤ በረት ውስጥ የዋለች ፍየል ፍጓን በአንድ ቦታ ስለምትተው ለብስባሹም ትመቻለች። በተከለለው ኮረብታ ላይ ቀፎ ሲቀመጥ ደግሞ የዋግ ነጭ ማር አበባውን በቅርብ ያገኛል፤ ተራራውም እንደ ማሳ ገቢ የሚሰጥ ስለሚሆን መጠበቁ የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል።

የዚህ ሥርዓት ምሳሌ ከጥንት ጀምሮ በዓይናችን ፊት ነበር፤ እርሱም ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሰሜን ደጋ ምድር በተራቆተ ሜዳ መካከል ጥድና ወይራ ተሰብስበው ከታዩ ከሥራቸው ታቦት እንዳለ መንገደኛ ይረዳል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የሚገኙትን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ሲያጠኑ ከብት ከገባበት ደን ይልቅ በቅጥር የታጠረው ደን አዲስ ቡቃያ እንደሚያሳድግ አሳይተዋል፤ በዚህም ምክንያት በብዙ አድባራት ካህናትና ምእመናን ከየማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ እየካቡ ደናቸውን አጥረዋል። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ቅጥር አገኘ።

ስለ ውሃ ብዙ አልልም፤ በዋግ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት ለምትወጣ ልጅ ውሃ አታባክኚ ብሎ መምከር ነውር ነው። ምክሩ የሚገባው ለቆርቆሮ ጣራ ባለቤት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ቤት በክረምቱ 500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብለት 20,000 ሊትር፣ ማለት አንድ ሺህ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በላዩ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ከዚህ ሩቡ ቢጠፋ እንኳ አሸንዳና ማጠራቀሚያ ላበጀ ሰው ሰባት መቶ ሃምሳ ጊዜ ወደ ምንጭ ከመውረድ ይድናል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይደፋ፤ የሚጠራቀመውም ይከደን። የሰሃን እጣቢውን ደግሞ ጌሾና ጎመን አይጠየፉትም።

አሁን ወደ ገበያ እንውረድ። በድሮው ዘመን አሞሌው በሰቆጣ ገበያ ሲራገፍ፣ እህሉ በስልቻና በአቁማዳ፣ ቅቤው በቅል፣ ማሩ በገንቦ፣ የመንገድ ስንቁ በአገልግል ይያዝ ነበር፤ ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ ቢያረጅና ቢጣል ወደ አፈርነቱ ይመለሳል እንጂ የላም ሆድ አይዘጋም። ዛሬ ግን ከሰቆጣ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ በነፋስ የሚንሳፈፈውን፣ በግራር እሾህ ላይ እንደ ክፉ አበባ የተሰቀለውን ፌስታል ያየ ሰው ያዝናል። ሕጉስ አልጠፋም፤ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውን የማይበሰብስ የላስቲክ ከረጢት ማምረትንና ማስገባትን ከከለከለ ቆይቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከዚህ የጠነከረ፣ በተጠቃሚው ላይም ቅጣት ያለበት አዋጅ አጽድቋል። እኔ ግን አዋጁን ሳይጠብቅ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ የሚወጣውን ሰው አምነዋለሁ። (በአንድ ወቅት ስለ ፕላስቲክ ጉዳት የሚመክር ስብሰባ ላይ ተጋብዤ፣ በየአንዳንዳችን ፊት ሁለት ሁለት ሃይላንድ ውሃ ተደርድሮልን ነበር፤ ሁሉንም ጠጣነው፤ ባዶውንም ከጠረጴዛው ላይ ትተነው ወጣን።) ለማኅበርና ለተዝካር፣ ለሠርግም፣ ከሰንበቴው ቤት ዋንጫና ብርጭቆ ተውሶ አጥቦ መመለስ ምን ያህል ይከብዳል? በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ለሚባለው ሰፈር ሠራተኞች የተጣለ ብረት፣ የተቀደደ ጎማና አሮጌ ቆርቆሮ ሀብት ናቸው፤ ቆራሌው በየደጃፋችን እየዞረ የሚጮኸውም ይህንኑ ሊነግረን ነው።

በንጽሕናም ረገድ የጣልነው ጥበብ አለ። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ይታጠብ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ እነዚህም ቢልሃርዝያ የተባለውን ደዌ የሚያስተላልፉ ነበሩና፣ ከዚያ አንድ ዕይታ ተነሥተው እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንደሚያገለግል ለዓለም አስረዱ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ያው እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል እጣቢውን ወደ ወንዝ መድፋት አይገባም፤ የጥንት ነገር ሁሉ ስለ ጥንትነቱ ብቻ ንጹሕ አይሆንም። ሦስቱ ጉልቻስ ጥንታውያን አይደሉምን?

ስለ ጾምና ስለ ቡና ሁለት ቃል ልጨምር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት ሰው ወደ ሰማይ ከሚሰደው የሚያሞቅ ጋዝ 14.5 ከመቶው ከከብት እርባታ የሚመጣ ነው፤ በዚህም ምክንያት የባሕር ማዶ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ከሥጋ እንድንከለከል ይመክሩናል። ረቡዕንና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት ለሚጠብቅ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሽሮና ምስሩ ይበቃዋል። አዲስ የሚሆነው ለቡናችን ነው። በተራ የአፈር ክምር ውስጥ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከአምስት ኪሎ የማያንስ እንጨት ይነዳል፤ ስለዚህ ጀበናውን በምርጥ ምድጃው የኋላ ቀዳዳ ላይ ማፍላት ይሻላል። በረከቦቱ አጠገብ የምናጨሰው ዕጣንም እንዲሁ በልክ ይሁን፤ የዕጣን ዛፍ በአበርገሌና በሌሎች የተከዜ ቆላዎች የሚበቅል ሲሆን፣ ከልክ በላይ ስለሚደማ፣ ቡቃያውንም ከብትና ሰደድ እሳት ስለሚያጠፉት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በሃያ ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ አስጠንቅቋል። ለጽናው የሚሆነው እንዳይጠፋ ለቡናው ሁለት ፍሬ ይበቃል።

እማማ ጋግረው ሲጨርሱ፣ በሦስቱ ድንጋዮች መካከል የቀረውን ፍም በአመድ ሸፍነው ለማታው አቆዩት፤ ክብሪት መቆጠባቸው ነው። ምድጃ ቢመጣላቸው ይወዱ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ምጣዴን ይለካ» አሉ። ለመጪው በዓል ወደ አገር ቤት የምትወጡ አንባብያን፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የእናታችሁ ምጣድ ወርድ በገመድ ተለክቶ እንዲላክላችሁ አድርጉ፤ ምድጃውን ስትገዙም ከተቀረፀ በኋላ ስንት ቀን ውሃ እንደ ጠጣ ሠራተኛውን ጠይቁት።